ኢላማው ላይ የታየው ሞላላ ቀዳዳ

ውድ ወንድሜ ኒክላውስ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ላም ሳዋልድ ተቀጨሁ ብለህ የጻፍክልኝ ወገብ ዳነ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለህ? ጆይስ እንዴት ናት? የእናቷ ሕመም ሻል አለው? ልጆቹስ? ፒተር አሁንም ጫማ አላስርም እያለ ያስቸግራችኋል? እናንተ ባላችሁበት የምድር ታችኛ ጫፍ ወቅቱ ተገላቢጦሽ ነውና ብርዱ ሊገባ ነው፤ ከብቶቹን አደራ። እዚህ በረዶው ከሜዳው ተነሥቶ ከጫካው ጥላ ሥር ብቻ ቀርቷል። ላሞቹ ከበረት የወጡ ዕለት አሮጊቶቹ ሳይቀሩ እንደ ጥጃ ሲቦርቁ መንደሩ ሁሉ አጥር ተደግፎ ሲስቅ ነበር።

እኔ ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ሲያይ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር። አባባም ደኅና ናቸው። ይህችን ቃል በክረምቱ ደብዳቤዬ ላይ ለመጻፍ አልደፈርኩም ነበርና አሁን ሁለት ጊዜ ልጻፋት፤ አባባ ደኅና ናቸው።

«ሸለቆው ታች ካለው የአረጋውያን ቤት እናስገባቸው፣ አንቺም አብረሽ አትለቂ፣ በግንቦት መጥቼ እኔው ራሴ አደርሳቸዋለሁ» ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። አልተቀየምኩህም። እኔም እንዳንተው አስቤ ነበር። እስከ የካቲት ድረስማ ሻንጣቸውን የትኛውን እንደማደርገው እንኳ በልቤ መርጬ ነበር። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ለምን እንደለወጥኩ ከሥሩ ካልነገርኩህ ደግሞ ግትር ትለኛለህ። ስለዚህ ወንበርህን ሳብና ተቀመጥ።

በጥቅምት ስትሮኩ ቀኝ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ አባባ ከሦስት ቃል በላይ አይናገሩም ነበር፤ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ተዪኝ»። ሐኪሙ ምላሳቸው ጤነኛ ነው፣ እጃቸውም ካሠሩት ይመለሳል ብሏል። ነገር ግን ማን ያሠራው? እጅ የምታሠራቸው ልጅ ጨብጠው እንዲለቁት የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው። ሶፋው ሥር ወረወሩት። አሁን የድመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ዳር ይቀመጣሉ፣ ዐይናቸው ግን ውጪውን አያይም። ሾርባ ሳቀርብላቸው በግራ እጃቸው ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ደረታቸው ላይ ያፈሱና፣ እንዳልጠርግላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። የአባባን ኩራት ታውቀዋለህ።

በአዲሱ ዓመት ሰሞን ከአረጋውያን ቤቱ ወይዘሮ ቡርካልተር መጡ። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ኮታቸው ብቻ እንደ መጋረጃ ያለ ነው። በጸደይ አንድ አልጋ ስለሚለቀቅ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መልስ ስጡኝ አሉ። ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ዳቦውን ራሱ የሚቆርጥ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚቆልፍ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ያ ካልሆነ ግን ለእርስዎም ለእሳቸውም ከባድ ነው ብለው በደግነት አስረዱኝ። አባባ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ።

ነገሩ የተጀመረው በቨርነር ነው። አዎ፣ አይብ ሠሪው ቨርነር፤ አሁን የተኩስ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሆኗል፤ ሚስቱም ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ ቀና ብላ ነው የምትሄደው። አባባን ሊጠይቅ መጥቶ ስለ አየሩ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ቄሱ አዲስ መኪና ብቻውን ሲያወራ ቆየና ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሮዜት፣ ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው» አለኝ።

የትኞቹ ሣጥኖች እንደሆኑ ለአንተ መንገር አያስፈልግም። በዚህ መንደር አያቶቻችን የተዉልን ጠባብ አፍ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች የሚተኩሱት አባባ ምድር ቤት የሠሩላቸውን ጥይት ነው። ሱቅ ውስጥ የዚህ ዓይነት ጥይት ጠፍቷል፤ ቢገኝም ዋጋው የሰርግ ድግስ ያህል ነው። ቀለሁን ለቅመው፣ እርሳሱን አቅልጠው፣ በቀለበት አሳልፈው፣ ሰም ቀብተው የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ከወደቁ ወዲህ ማንም አልነካውም። ከፋሲካ በኋላ ባለው የአሮጌ መሣሪያ ተኩስ ስድስት ጎራሾቹ ላይወጡ ነው ማለት ነው።

«አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትረጃቸው አይቻለሁ» አለኝ ቨርነር።

«እኔ የቀባሁት ሰም ብቻ ነው።»

«ሰም መቀባት እኮ የሥራው ግማሽ ነው!»

«አይብህንም እንዲህ እየዋሸህ ነው የምትሸጠው?» አልኩት። ግን እሺ አልኩ። ለማኅበሩ ብዬ አይደለም። ምድር ቤቱ ከአባባ ወንበር በታች ነው። እርሳሱን በቀለበቱ የሚያሳልፈው መጭመቂያ እጀታ ሲንቋረር ቢሰሙ፣ የቀለጠው ሰም ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ቢያንስ «ማነው እዚያ ታች?» ይሉ ይሆናል ብዬ ነው። አላሉም። እኔ ታች እንቋቋለሁ፣ እሳቸው ላይ ዝም።

ከዚያ የሠራሁትን ስማና ሳቅብኝ። ከቅርጹ የወጣው እርሳስ ሁሉ እኩል እንዲወፍር በብረት ቀለበት ውስጥ ተገፍቶ ያልፍ የለ? የአባባ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጥቁር፣ አሮጌ፣ ቁጥር የሌለው። ተበልቶ አልቋል ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት። ቨርነር ያዋሰኝ መጽሐፍ ላይ የእኛ ዓይነት ሽጉጥ እርሳስ ስንት መሆን እንዳለበት እስከ ነጥቡ ታትሟል። በዚያው ቁጥር ቱን ከተማ ካለው ሱቅ አዲስ ቀለበት አዘዝኩ። ቁጥሩ ተቀርጾበት፣ እያብረቀረቀ መጣ። እርሳሱ በውስጡ ሲያልፍ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ነው። እንዴት ኮራሁ መሰለህ! ባሩዱን ቨርነር ከአጠገቤ ቆሞ እየመዘነ ሞላን።

የማኅበራችንን ሕግ አትረሳውም፤ የሞላ ራሱ ይቅመስ። ማንም ሰው የሞላውን ጥይት የመጀመሪያዋን ስድስት ራሱ ሳይተኩስ ለሌላ አይሰጥም። ቅዳሜ ዕለት ከማኅበሩ ተኩስ ቤት የአባባን ሽጉጥ ይዤ ቆምኩ፣ ስድስቱንም ተኮስኩ። ኢላማው ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ከበበው። ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም፤ ሞላላ ናቸው፣ የቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚመስሉት። እርሳሱ በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ እየተገለባበጠ ነው የመታው። ያውም አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ አንዱ ጭራሽ የለም።

መጀመሪያ የተናገረው ኤርንስት ነው፤ ፖስተኛው። (ጢሙን ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ሲዘንብ ይታያል። ለማን ብሎ እንደሚቀባ መንደሩ ሲያወራ ስሜን ቢያነሣ አትመን።) «ሮዜት፣ እንግዳ ጠርተሽ ነበር እንዴ?» አለ፣ «ማንኪያውን በሙሉ ወረወርሽው እኮ!»

«አንተ ጢምህን ተኳኩለህ ስትመጣ ማን ሳቀብህ?» አልኩት፤ ሣቁ ወደ እሱ ዞረ።

ከዚያ ሸንጎ ሆነ። ባሩዱን ከሰስን፣ ሰሙን ከሰስን፣ የእኔን የእጅ አንጓ ከሰስን፤ ኤርንስት ነፋሱን ሁሉ ከሰሰ። እርሳሱን ለክተን ስናየው ከመጽሐፉ ጋር ልክ ነው። ቨርነር ገጹን በጣቱ እየደበደበ «ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የታተመ ነው!» ይላል። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን ኒክላውስ፤ ባቡር ሲዘገይ የገዛ ሰዓታችንን እንጠረጥራለን እንጂ የታተመውን ሰሌዳ አንጠረጥርም።

ቤት ገብቼ ያንን የኢላማ ወረቀት የድንች ልጣጭ ልጥልበት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አባባ እራት ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የዛገ ማጠፊያ ዓይነት። ዘወር ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ስትሮክ መጣ ብዬ ወደ ስልኩ ስሮጥ በግራ እጃቸው ሽርጤን ያዙኝ። እየሳቁ ነበር ወንድሜ። እንባቸው እስኪወርድ።

«ጠባብ» አሉ።

«ምኑ ነው ጠባብ አባባ?»

«ቀለበቱ ነዋ፣ አንቺ በግ!»

ከጥቅምት ወዲህ ሌላ ቃል ሲወጣቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ስድብ ሆነ። ተሰድቤ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ከዚያ ብድግ አሉ። ከዘራቸውን በግራ፣ ቀኝ ትከሻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ። እኔ ከፊት ልቅደም፣ ከኋላ ልያዝ እያልኩ ተከተልኳቸው። ታች ሲደርሱ ወንበሩ ላይ ተዘርግተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ባዶውን ሽጉጥ አምጪ አሉኝ። የእኔን እርሳስ በርሜሉ አፍ ላይ አስቀመጡት። ጠብ ብሎ ገባ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ጠጠር። ያንን የናቅሁትን ጥቁር ቀለበት ፈልገው በእሱ አንድ አሳለፍን፤ ያኛው አፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፣ አልገባም። አያታችን፣ ከእሱም በፊት ሠራዊቱ፣ ሲተኩሱበት ሲወለውሉበት የኖሩት በርሜል ከመጽሐፉ ቁጥር በላይ ሰፍቷል። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ የተጠማዘዘውን ጥርስ ካልነከሰ አይሽከረከርም፤ ካልተሽከረከረ ይገለባበጣል። አባባ ይህን ዐውቀው አንድ ክረምት ሙሉ ቀለበቱን ከውስጥ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ አስፍተውት ኖሯል። የሌሎቹም ሽጉጦች ከዚያው ዘመን ስለሆኑ ለሁሉም ይሆናል።

«ታዲያ ለምን ቁጥር አልጻፉበትም?» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ እንወርዳለን። መጀመሪያ እሳቸው ይቆጣሉ፣ እኔ እጀታውን እስባለሁ። «ቀስ! እንደ ላም ጡት ነው እንጂ እንደ ደወል ገመድ አይሳብም!» ይላሉ። ቃሉ ሁሉ ተመለሰ፣ ያውም ከነቁጣው። አንድ ቀን በእኔ አሳሳብ ተቃጥለው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው እጀታው ላይ ጣሉትና ከትከሻቸው ገፉ። እርሳሱ አለፈ። ሁለተኛውን አቀበልኳቸው።

እንዲህ ብቻ ሄደ እንዳልል። አንድ ቀን ጣታቸው እርሳሱን አልይዝ ብሎ ከእጃቸው ሲሾልክ ሲሾልክ ቆይቶ ሣጥኑን በሙሉ ወለሉ ላይ ደፉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ፤ ከዚያም ስንት ቀን «ተዪኝ» ብቻ ሆነ። እኔም ተውኳቸው። ብቻዬን ወርጄ ሆን ብዬ እጀታውን እንደ ደወል ገመድ እየሳብኩ አንቋረርኩት። በመጨረሻ ወለሉን ከላይ በከዘራ ሲደበድቡ ሰማሁና ሳቄን ይዤ ወጣሁ። «ልትሰብሪው ነው?» ብለው ተነሡ።

ባሩዱን አይነኩም፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸው ከለከሉ። እኔ እመዝናለሁ፣ እሳቸው በመነጽራቸው አጎንብሰው እያንዳንዱን ያያሉ፣ ካልጣማቸው «ድፊው፣ እንደገና» ይላሉ። ዘንድሮ መነኩሴ እንኳ እንደ እኔ አልታዘዘም። በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ እንቁላሉን ለበዓሉ ቀለም ስቀባ ዘወር ብዬ ባይ ዳቦውን በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራ እየቆረጡ ነው። ቁራጩ የበር ማገጃ ያህል ወፍራም ነው። ቅቤ ቀባሁበት።

ትናንት ቅዳሜ የአሮጌ መሣሪያው ተኩስ ነበር። አባባ ሊያዩ ብቻ ነው የመጡት፤ ቨርነር በወተት መኪናው አመጣቸው። ሣጥኖቹን ጠረጴዛው ላይ ስደረድር ቨርነር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማን ሞላው?» አለ፤ ሕጉ ስለሚያዝ። «እኔ» አልኩ። ኤርንስት ጢሙን እያሻሸ «እርሳሱንስ በቀለበቱ ያሳለፈው ማነው?» አለ። ቀድመው መክረውበታል፣ አሁን ነው የገባኝ።

«እኔ» አሉ አባባ ከወንበራቸው።

«እንግዲያው ሕግ ሕግ ነው ጎዲ» አለ ቨርነር፣ አባባን በቁልምጫ ስማቸው እየጠራ፣ «የሞላ ራሱ ይቅመስ። አንተ ካልቀመስክ ማናችንም አንበላም።»

«እናንተ ውሾች» አሉ አባባ። ተነሡ ግን።

በእኛ ሕግ ሽጉጥ በአንድ እጅ ነው የሚተኮሰው፤ ሁለት እጅ የያዘ ከሜዳው ይወጣል። አባባ ሽጉጡን በግራቸው ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ከሥሩ ደገፉበት። ይህን ጊዜ ሊቀ መንበራችን ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ከብት ማየት ጀመረ። «የማነች ያቺ ቀይ ላም?» ይላል። «የእኔ አይደለችም» ይላል ኤርንስት፣ ላም ኖሮት በማያውቀው አፉ፣ እሱም አብሮ አሻግሮ እያየ። ሰዉ ሁሉ ላሟን ሲያይ እኔ ብቻ ከአባባ ኋላ፣ ቢወድቁ ልይዛቸው እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። አልወደቁም። በእያንዳንዱ መሐል ረጅም እያረፉ ስድስቱንም ተኮሱ።

ኢላማው መጣ። አንዱ ነጩ ላይ ወጥቷል፣ ሁለቱ የጥቁሩን ጠርዝ ነክተዋል፣ የቀሩት ውስጥ ናቸው። ሽልማት አያሰጥም። አባባ ግን የት እንደመታ አላዩም። በቀኝ አውራ ጣታቸው እያንዳንዱን ቀዳዳ ዞሩት።

«ክብ ነው» አሉ። «ብሉ እንግዲህ።»

ማታ የድንች ጥብሱና ቋሊማው ላይ ኤርንስት ዘፈነ፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ።

ወይዘሮ ቡርካልተር ዛሬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጎራ አሉ፤ ነገ ወሩ ያልቃልና። እኔ ምን ብዬ እንደምመልስ ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ነበር። አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ሐኪሙ ሌላ ስትሮክ አይመጣም አላለም፤ የእኔም ጉልበት ከእኔ ጋር ያረጃል። ግን አፌን ሳልከፍት አባባ ወንበር ጋበዟቸው። «አልጋው ጥሩ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በጣም ጥሩ ነው፤ ተራራው ይታያል» አሉ ወይዘሮዋ።

«ክፍሉ ውስጥ እርሳስ ማቅለጥ ይቻላል?»

«ኧረ አቶ ጎትፍሪድ! ሻማ እንኳ አይፈቀድም!»

«እንግዲያው አልተግባባንም» አሉ አባባ፤ የወይዘሮዋን ኮት ራሳቸው አንሥተው፣ በቀኝ እጃቸው፣ አቀበሏቸው። ወይዘሮዋ መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሸሚዙንስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከላይ ያለችው ቁልፍ ብቻ ናት የቀረችው» አልኳቸው። «እሷ ለእኔም ታስቸግረኛለች» አሉና አልጋውን ለሌላ እንደሚሰጡት ነግረውኝ ሄዱ።

ስለዚህ ኒክላውስ፣ በግንቦት አትምጣ። አባባን የትም የምታደርሳቸው የለም። የመስከረሙ መዝጊያ ተኩስ ሲደርስ ና፣ ጆይስንም ልጆቹንም ይዘህ። ይህን እንደምጽፍልህ ስነግራቸው «ሊያለቅስልኝ ከሆነ እዚያው ይቅር፤ ሊሠራ ከሆነ ይምጣ፣ ግን የሞላውን ይቀምሳል በይው» ብለዋል። በዚህ ከተከፋህ ለእሳቸው ጻፍ፤ መልስ ለመስጠት አሁን ቃል አላቸው።

ለጆይስ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ የአባባን ቀኝ እግር ክረምቱን ሙሉ አሙቆታል። እናቷን ጉንጯን ሳሙልኝ። ፒተርን ጫማህን እሰር ብላሃለች አክስትህ በለው፤ አያቱ እንኳ ማሰር ጀምረዋል። ትንሿን ሄለንን በሁለቱም ዐይኖቿ ላይ ሳምልኝ፤ ያ አዲስ የቀጠራችሁት ወተት አላቢም ባላውቀውም ሰላም በሉት፣ ወገብህን ያሳርፍልሃልና። ቨርነርና ሚስቱ እጅግ አድርገው ሰላም ይላሉ። ኤርንስትም ሰላም ይላል፤ ይህችን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ራሱ መጥቶ ካልወሰድኩ ብሏል፣ ምን እንደቸኮለ እንጃ።

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ፤ ግን አባባ ከታች በከዘራቸው ጣሪያውን እየደበደቡ ነው። ደብዳቤው ይቆይ፣ ሰሙ እየረጋ ነው ይላሉ። ልውረድ።

እህትህ ሮዜት

ኦበርማት፣ እሑድ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1984